ጭንቅላት ያላበቀለው ጅራት

ይህን ታሪክ ለሰው ማውራት ስጀምር አድማጬ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ምክንያቱም የሚጀምረው ከትል ነው። እናንተም ፈገግ ብትሉ አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ በጊዜው ስቄያለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ የሳቅሁት ፊቴ በቆመ ሰው ላይ መሆኑ ነው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሀዋሳንም ገና «አዋሳ» እያልን ነበር የምንጠራት። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ የያዝኩት አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍና ብዙ ኩራት ነው። በመልኬ አልኮራም፤ ምኑን ብዬ! የምኮራው በማርክ አሰጣጤ ነበር። «የእሱ ቀይ እስክሪብቶ ዘመድ የለውም» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። አንድ ጊዜ አንድ ወላጅ ከሐይቁ የተያዘ ቆሮሶ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢልክልኝ መልሼ ሰድጄበታለሁ። ያን ዕለት ሽሮዬን እየበላሁ ስለ ራሴ ያሰብኩትን ብነግራችሁ እናንተ ታፍሩልኛላችሁ።

ማርክ ደግሞ በዚያ ዘመን ዝም ብሎ የወረቀት ቁጥር አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ለየቀበሌው ይደለደላል። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ ይመዘገባል፤ ኮታው ካልሞላ ደግሞ ከመንገድም ከቤትም ይታፈሳል። ከዚህ የሚያድን አንድ ወረቀት ነበር፤ «መደበኛ ተማሪያችን ነው» የሚልና የትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ያን ወረቀት የሚያስገኘው ማለፊያ ማርክ ነው። ማርኩን የምሰጠው እኔ ነኝ። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን አውቅ ነበር።

ላሚሶ ዳንጊሶ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ተማሪ ልበለው እንጂ ሃያ አራት ዓመት የሞላው፣ አጠገቤ ሲቆም ቀና ብዬ የማየው ረጅም ሰው ነው። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በየቀኑ ከቱላ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለሳል። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ሲናገር ቃል ይቆጥባል፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍማ ጭራሽ ይሰስታል። አንድ ጊዜ ክፍል ደግሟል። በእኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛ መድገም የለም፤ የወደቀ ይሰናበታል። ስለዚህ ላሚሶ በዚያ ዓመት ካላለፈ ወዴት እንደሚሄድ እሱም እኔም እናውቀዋለን።

በግንቦት ወር ስለ ፕላናሪያ አስተማርኩ። ፕላናሪያ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ከድንጋይ ሥር የምትኖር ትል ናት። ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ጥቃቅን ዐይኖች አሏት። በምላጭ ለሁለት ብትቆረጥ ጭንቅላቱ ጅራት ያበቅላል፤ ጅራቱም ጭንቅላት ያበቅላል፤ አንዷ ትል ሁለት ትሎች ትሆናለች። ይህን ስናገር ክፍሉ ሁልጊዜ ይንጫጫል፤ እኔም ይህን ቀን ዓመቱን ሙሉ እጠብቀዋለሁ።

«የመላው ሰውነት ፕላን በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ፣ በጂኖቹ ተጽፎ ተቀምጧል» አልኳቸው። «ጅራቱ ጭንቅላት እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል ማለት ነው።»

ላሚሶ ከኋላ ወንበር እጁን አነሣ። «ቲቸር፣ በእኛ ጣት ውስጥም ተጽፎ አለ?»

«አለ።»

«አባቴ እንጨት ሲፈልጥ ሁለት ጣቱ ሄደ። ለምን አልበቀለም?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን በቅጡ የሚያውቅ ሰው በዓለምም አልነበረም። አላውቀውም ብል ግን ምን እሆን ነበር? እኔ ያልኩት «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቁጭ በል» ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም ተቀመጠ።

ከዚያ የተግባር ሥራ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ትል ፈልጎ፣ ቆርጦ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚያየውን መዝግቦ ያመጣል። ከመቶው ዐሥር ማርክ የሚይዝ ሥራ ነው።

ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ ገና ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገባኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በሰባተኛው ቀን ዐይን ታየ፣ በዐሥራ አራተኛው ቀን ትሏ ተሟላች። ቃል በቃል የመጽሐፉ ነው፤ አንዷ ተማሪማ «ሥዕል ሦስትን ተመልከት» የሚለውን ሳይቀር ገልብጣዋለች። ጥቁር ውሃ ድረስ ወርደው ከወንዙ ቡናማ ትል ያገኙ አምስት ስድስት ተማሪዎች ነበሩ፤ የቀሩት ትል የሚባል ነገር በዐይናቸው አላዩም። አወቅሁባቸው። ዘጠኝና ዐሥር ሰጠኋቸው። መልሱ ልክ ነዋ!

የላሚሶ ደብተር ግን ሌላ ነበር። ትሉን ያገኘው ቱላ ከቤተሰቡ ምንጭ ነው። «ቀለሙ ነጭ» ብሎ ይጀምራል። የጭንቅላቱ ቁራጭ ጅራት አበቀለ ይላል። ስለ ጅራቱ ቁራጭ ግን በየቀኑ የጻፈው ያው ነው፦ ጭንቅላት የለም። በማግሥቱም ጭንቅላት የለም። ሦስት ትል ቆርጦ ሦስቱም ያው ሆነዋል። ሥዕሉንም በእርሳስ ሥሎታል፤ ፊቱ የተዘጋ፣ ዐይን የሌለው፣ ቅጠል የመሰለ ነገር።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «በጥንቃቄ አልሠራህም፤ መጽሐፉን አንብብ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዐሥር ሁለት ሰጠሁት። ጠቅላላ ድምሩ አርባ ስድስት መጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከዐሥሩ ስድስት ብሰጠው ኖሮ ያልፍ ነበር። ይህንንም ደምሬ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ ሌላውን አነሣሁ።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ መምህራን ማረፊያው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በእጁ ውሃ የተሞላ የማርማላታ ጠርሙስ ይዟል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። እኔ በጥንቃቄ ነው የሠራሁት።»

«በጥንቃቄ ብትሠራማ ጭንቅላቱ ይበቅል ነበር።»

«አልበቀለም። በየቀኑ ነው ያየሁት። ጠዋት አየሁ፣ ማታም አየሁ።»

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«መጽሐፉ ይበቅላል ይላል።»

«ታዲያ መጽሐፉ ዋሸ?»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው የእኛን ምንጭ አላየም፣ ቲቸር።»

ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት። «የቱላ ትል የራሷ ሕግ አላት በሉኛ!» አልኩ፣ ወደ ባልደረቦቼ ዞሬ። ማረፊያው በሳቅ ሞላ። የታሪክ መምህሩ ሻዩ ትን ብሎት ጀርባውን መቱት። ላሚሶ አልተቀየመም፤ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«እርስዎ ራስዎ ይቁረጡት፣ ቲቸር። እባክዎ። ማርክ ስጡኝ አልልም። ይቁረጡና ይዩት።»

ማርክ የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። ዘጠኝ ቀን አለኝ። ጠርሙሱን የተቀበልኩት አዝኜለት ወይም ጥርጣሬ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ አፉን ለማስያዝ ነው። አንዱ ተማሪ ካመጣው የጥቁር ውሃ ቡናማ ትልም ለየሁና፣ ከከተማው ምሥራቅ በኩል በተከራየኋት አንዲት ክፍል መስኮት ሥር ሁለት ነጭ ሰሃን ደረደርኩ። በአንዱ ቡናማዋን፣ በሌላው ነጯን በአዲስ ምላጭ መሐል ለመሐል ቆረጥኩ። የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ንብረት ክፍል ስለሆነ የምጠቀመው በኪስ አጉሊ መነጽር ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ የሁሉም ቁስል ድኗል። በቡናማው ጅራት ጫፍ ላይ ነጣ ያለች ነጥብ ወጣች፤ አዲስ ሥጋ ማለት ነው። በነጯ ላይ ምንም የለም። «ቀርፋፋ ናት» አልኩ። አምስተኛው ቀን ላይ የቡናማው ነጥብ ሾለች። ነጩ ጅራት ያው ነው፤ በላባ ጫፍ ስነካው ሸሸት ይላል፣ ከዚያ ይቆማል።

ሐሙስ ከክፍል ስወጣ ላሚሶ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ስለ ማርክ አልጠየቀኝም።

«ዐይን አወጣ፣ ቲቸር?»

«ከጥቁር ውሃ ቡናማ ትልም ቆርጬ አብሬ እያየሁ ነው፤ ገና ነው» አልኩት፣ የቱን እንደጠየቀኝ ያላወቅሁ መስዬ። «ምንጩ የእናንተ ነው እንዴ?»

«አያቴ ነው የቆፈረው። እኛ ነን የምናጸዳው። አባቴ ነጩ ትል ያለበት ውሃ ንጹሕ ነው ይላል። ከጠፋ አትጠጡ ይላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀበሌ ዝርዝር እየጠየቀ ነው ይላሉ።»

«ሥራህን ሥራ» ብዬው አለፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሰሃኖቹ ላይ አጎነበስኩ። በቡናማው ጅራት አዲስ ጭንቅላት ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ወጥተዋል፤ ልክ መጽሐፉ እንዳለው። ወደ ነጩ ዞርኩ። የተዘጋ ቁስል፣ ለስላሳ ጠርዝ፣ ሌላ ምንም። ላሚሶ በእርሳስ የሣለው ቅጠል ቁጭ ብሎ አየኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ እስካሁን የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስሕተት አይባልም። እውነቱ ሰሃን ላይ ተኝቶ እያየሁት ነበር። በአንድ ቤት፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ምላጭ የተቆረጡ ሁለት ትሎች ናቸው። የእጄ ጥፋት ቢሆን ሁለቱም አያበቅሉም ነበር። ይህን ለመረዳት መምህር መሆን እንኳ አያስፈልግም። እኔ ግን ከፊቴ ያለውን ትቼ መጽሐፌን አሰብኩ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን አሰብኩ፤ ረቡዕ ዕለት የሳቁት ባልደረቦቼ ማርክ ቀየርኩ ብላቸው ምን እንደሚሉኝ አሰብኩ። «ሁለት ሦስት ቀን ብትጨምር ታበቅል ይሆናል» አልኩ። ማርክ የሚዘጋው ዛሬ መሆኑን እያወቅሁ እንዲህ አልኩ። ከቀትር በፊት ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ አርባ ስድስቱን እንዳለ አስረክቤ ፈረምኩ።

ቅዳሜ የለም። እሑድ የለም። ሰኞ ማለዳ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቡናማው ጅራት ሙሉ ትል ሆኖ ሰሃኑን ይዞራል። የቆሮሶ ጉበት ቁራጭ ብጥልለት መጥቶ ሰፈረበት። ነጩ ጅራት አፍ የለውም፤ ጉበቱ አጠገቡ ወድቆ እንደተቀመጠ ነው። ነጩን ጅራት ወደ ማርማላታው ጠርሙስ መልሼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ምክትል ዳይሬክተሩ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ነገር ግን ከወረቀት ውጭ ያለን ነገር ማየት የሚያደክማቸው ሰው ነበሩ።

«የአንድ ተማሪ ማርክ ተሳስቻለሁ፤ ይስተካከልልኝ» አልኳቸው።

«የማርክ ሮስተሩ ተዘግቷል፣ ልጄ። የሐምሌው ጉባኤ ላይ አቅርበው።»

«እስከ ሐምሌ አይደርስም። ስሙ ቀበሌ ገብቶ ከሆነ...»

«ቅዳሜ ነው የገባው። የተሰናባቾችን ዝርዝር በአስቸኳይ ብለው ሰው ልከው ነው የወሰዱት።» ጠርሙሱን አዩት። «እሱ ምንድነው?»

«ማስረጃዬ ነው።»

መደበኛ ተማሪ ነው የሚል ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። «በተዘጋ ሮስተር ላይ ማኅተም አስመትተህ እኔን ልታስጠይቀኝ ነው?» አሉ። ወጥቼ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ስሜን፣ ማዕረጌን፣ ፊርማዬን አሰፈርኩበት። ጋሪ ይዤ ዝርዝሩን ወደ ወሰደው ቀበሌ ሄድኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግቢ ልጆቻቸው በታፈሱባቸው እናቶች ተሞልቷል፤ ላሚሶም ከታፈሱት ጋር እንዳለ ነገሩኝ። ማንም አያለቅስም፤ ለቅሶ ልጅን ያስከፋል እየተባባሉ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ዐይኑ ቀልቷል፤ ከተኛ የቆየ ይመስላል። ደብዳቤዬን አነበበ፣ ገለበጠው፣ ጀርባውን አየ።

«ማኅተሙስ፣ መምህር?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ አልወደቀም። የወደቅሁት እኔ ነኝ። ይኸው ይመልከቱ።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ የተናደደም የለመነም በሚመስል ድምፅ ስለ ነጭ ትልና ስለ ቡናማ ትል አስረዳሁት። አቋርጦኝ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አጎንብሶ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አደረገው።

«ጭንቅላት የለውም ነው የሚሉኝ?»

«የለውም።»

«ግን ይንቀሳቀሳል።»

«ይንቀሳቀሳል።»

«እስከ መቼ ይኖራል?»

«አይበላም። ያለውን እየጨረሰ፣ እያነሰ ይሄዳል።»

ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መለሰልኝ። «የወንድሜን ልጅ በመስከረም ሰድጃለሁ፣ መምህር። ከቤቴ አስወጥቼ። ማኅተም ያለው ወረቀት ያምጡልኝ፣ በእናቴ፣ አስቀረዋለሁ። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል።»

ሰዓቴ አምስት ከሩብ ይላል። ጋሪው ደግነቱ ቆሞ ጠብቆኛል። ባለጋሪው ፈረሱን እንዲገርፈው ጮህኩበት፤ በሕይወቴ ፈረስ ይገረፍ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃው በጎኔ እየፈሰሰ ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ የምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፏል።

«ስብሰባ ሄዱ፤ አውራጃ» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ማኅተሙስ?»

«ኪሳቸው ውስጥ ነዋ።»

እናንተ የዛሬ ልጆች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ማኅተም ከያዘው ሰው ጋር ምሳ ይበላል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ቤት ሄዶ ያድራል። አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በር ላይ ያለው ዘበኛ ስብሰባው ዝግ ነው ብሎ ከለከለኝ። ስማቸውን ጠርቼ ከውጭ ጮህኩ። አንድ ሰው መስኮት ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው።

ቀበሌው ስመለስ የጭነት መኪናው ሞተር ተነሥቷል። ወጣቶቹ ቆመው ተፋፍገዋል። በቁመቱ ከሁሉ በላይ ስለሚታይ ላሚሶን ለመፈለግ አልተቸገርኩም። ሊቀመንበሩ ከሩቅ እጄን አየ፤ ወረቀት የያዝኩበትን እጅ ነው ያየው። ራሴን ስነቀንቅ ፊቱን አዞረ።

«ላሚሶ!» ብዬ እናቶቹን እየገፋሁ ተጠጋሁ። የመኪናውን ጎን ይዤ ወደ ላይ አየሁ። ልነግረው ያሰብኩት ብዙ ነበር። ይቅርታ፣ በሐምሌ ጉባኤ አለ፣ ተስፋ አትቁረጥ፤ እነዚህን ሁሉ በመንገድ ላይ ደርድሬያቸው ነበር። እሱ ግን ጠርሙሱን አየ።

ጎንበስ አለና «ቲቸር፣ አበቀለ?» አለኝ።

«አላበቀለም።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ቡናማውስ?»

«ሙሉ ትል ሆኗል።»

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ መኪና ላይ ቆሞ ፊቱ በራ። «ብዬዎት ነበር እኮ!» አለና ከአጠገቡ ወዳለው ልጅ ዞሮ በሲዳምኛ አንድ ነገር ነገረው፤ ልጁ ምኑም አልገባውም። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። «ውሃውን ይቀይሩለት፣ ቲቸር። በሦስት ቀን በሦስት ቀን። የቧንቧ አይወድም።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ይቅርታ በለኝ ስል ሰምቶኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ አባቱ፣ አቶ ዳንጊሶ፣ ትምህርት ቤት መጡ። ቆባቸውን አውልቀው ጨበጡኝ፤ በመዳፌ ውስጥ የሌሉት ሁለት ጣቶች ተሰሙኝ።

«ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ወደቀ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ይስተካከላል?» አሉ።

«ማርኩ ይስተካከላል» አልኳቸው።

ተስተካከለም። የሐምሌው ጉባኤ ጉዳዩን አይቶ ከዐሥር ዐሥር ጸደቀለት። ሃምሳ አራት። «ወደ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተዛውሯል» የሚል ካርድ በሙሉ ማኅተም ወጣለት። ካርዱን ቱላ ድረስ ወስጄ ለአባቱ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ነጩ ጅራት ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ከምንጩ ውሃ ቀድቼ ተመለስኩ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ብቻ አገኘሁ።

ላሚሶ አልተመለሰም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት ሲመጣ አቶ ዳንጊሶ መናኸሪያ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። ሞተ የሚል ወረቀት የሰጣቸው የለም፤ አለ ያላቸውም የለም። እሳቸውም እንዲሁ እንደጠበቁ አረፉ።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ ጡረታ ልወጣ ስል፣ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ያመጣልኝን መጽሔት ሳነብ ስለ ነጭ ትሎች የሚናገር ነገር አገኘሁ። ለካ አንዳንድ የፕላናሪያ ዝርያ ከጅራቱ በኩል ጭንቅላት አያበቅልም፤ የቆየ የታወቀ ነገር ነው፤ መጽሐፌ ብቻ አልያዘውም። አዲስ የተገኘው ምክንያቱ ነው። ፕላኑ በጅራቱ ሴሎች ውስጥ አልጎደለም፤ እንዳለ ተጽፎ አለ። ነገር ግን «ጅራት ሁን፣ ጅራት ሁን» የሚል መልእክት ከቁስሉ ላይ ዝም አይልም። ተመራማሪዎቹ ያን መልእክት የሚያስተላልፈውን አንድ ጂን ዝም ሲያሰኙት፣ ጅራቱ ጭንቅላት አበቀለ፤ ዐይንም አወጣ። መጽሔቱን ዘግቼ አለቀስኩ። የአባቱ ጣት ለምን እንዳልበቀለ ለጠየቀኝ ሰው የመልሱ መጀመሪያ ይህ ነበር። የምነግረው ሰው ግን የለኝም።

ቱላ ሄድኩ፤ ለምንጩም ቢሆን ልንገረው ብዬ መሆን አለበት። ምንጩ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ በላዩ ቧንቧ ተተክሎበታል። ከድንጋይ ሥር ፈለግሁ። ነጭ ትል የለም።

ከዚህ ምን ተማርክ የሚሉኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር የጻፈ ተማሪ ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሄጄ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ተማሪው ተሳስቶ ነው የማገኘው፤ ጥቂት ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ የምሳሳተው። ይህን እንደ ካሣ አልቆጥረውም፤ እናንተም አትቁጠሩልኝ። ትል እንኳ ተቆርጦ ሁልጊዜ አያበቅልም። መምህር የሆናችሁ፣ ዳኛ የሆናችሁ፣ በሰው ነገር ላይ የምትፈርሙ ሁሉ፣ ዓርብ ጠዋት ሰሃኑ ላይ ያያችሁትን አይታችሁ ፈርሙ፤ ሰኞ የሚባል ቀን ለሁሉ ሰው አይመጣም።

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ቀዩን ጽሑፌን አልሰረዝኩትም፤ የሰጠኋት ሁለት ማርክም ከዐሥሩ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ከሥሯ የላሚሶ የመጨረሻ መስመር አለ፤ በዚያ በምትሰስት እንግሊዝኛው የጻፈው ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ዐሥራ አራተኛ ቀን። ጭንቅላት የለም። ቁስሉ ድኗል። ይንቀሳቀሳል። ነገም አየዋለሁ።»